ዘንበል ያለና የተጠማዘዘ ሕንፃ ፎቶ፦ ሶፍትዌሩ ቅርጹን ሲያቃናብኝ ምን ላድርግ?

ጠማማ_መስመር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅርጻቸው ያልተለመደ ዘመናዊ ሕንፃዎችን ማንሳትና ኤዲት ማድረግ ላይ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አግዙኝ። ተራ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ሲሆን ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር) ላይ መስመር የምታቃናውን «አውቶ» የምትለዋን መጫን ነው፣ ያልቃል። ግድግዳው ራሱ ዘንበል ያለ ወይም ጣሪያና ግድግዳው ሳይለይ ተያይዞ የሚጠማዘዝ ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። አንዴ ሆን ተብሎ የዘነበለውን ያቆመዋል፣ አንዴ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመውን የመብራት ምሰሶ ያጋድመዋል።

ካሜራዬ ፉል ፍሬም (ሰንሰሩ 36 በ24 ሚ.ሜ.) ነው፤ 24–70 እና 70–200 ሌንስ፣ ትራይፖድም አለኝ። ራው (ያልተነካካ ጥሬ ፋይል) ነው የማነሳው። ቀጥ ያለ መስመር የሌለው ሕንፃ ላይ ፎቶው መቃናቱን በምን ይታወቃል? ሌላው ደግሞ ነጭ ፓነል ግራጫ ሆኖ፣ ብረት ልባስ ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ መውጣቱ ነው። ይሄ የሚስተካከለው ሲነሳ ነው ወይስ ኤዲት ሲደረግ?

ቱምቢ

ሰላም ጠማማ መስመር። «አውቶ» ምን እንደሚያደርግ ማወቁ ግማሹን ችግር ይፈታልሃል። ፎቶው ውስጥ ረጃጅም መስመሮችን ይፈልጋል፤ ወደ ቁም የሚጠጋውን ሁሉ «ይሄ ቁም መሆን ነበረበት» ብሎ ይወስድና እስኪቆም ድረስ ምስሉን ይጎትታል። ማድሪድ ያሉት የፑዌርታ ዴ ኤውሮፓ መንትያ ሕንፃዎች (እ.ኤ.አ. 1996) እያንዳንዳቸው 15 ዲግሪ ዘንበል ብለው የተሠሩ ናቸው። አቡ ዳቢ ያለው ካፒታል ጌት 18 ዲግሪ ነው። የሮተርዳም የኪዩብ ቤቶች ደግሞ በ45 ዲግሪ ተጋድመው ነው ምሰሶ ላይ የተቀመጡት። አርክቴክቱና መሐንዲሱ የለፉበትን ዘንባላ ሶፍትዌሩ የካሜራ ጥፋት አድርጎ ያርመዋል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላይ አውቶን ጭራሽ አትንካው። «ጋይድድ» የሚለውን ምረጥና መስመሩን ራስህ አስምር።

መስመሩን የምታስምረው ግን ዓይን የሚስበው የሕንፃው ጠርዝ ላይ አይደለም። ግንበኛ ቱምቢ ጥሎ ያቆመውን ነገር ፈልግ፤ የበር መቃን፣ የአሳንሰር ማማ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ወይም ከጀርባ ያለ ተራ ሕንፃ ማዕዘን ይሆናል። በጣም የተጠማዘዘ ሕንፃም ቢሆን መግቢያው በር ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ቀጥ ያለ ቁም ፍሬም ይገኛል። ሁለት ቁም መስመር ያዝ፣ አንዱ ከፎቶው ግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ በተቻለ መጠን ተራርቀው። ሁለቱም መሃል ላይ ከሆኑ ትንሿ የእጅ ስህተት ዳር ላይ ስትደርስ ትገዝፋለች። ጋይድድ እስከ አራት መስመር ይቀበላል፤ አግድሞቹን ግን ሕንፃውን ልክ ፊት ለፊት ካላነሳኸው ተዋቸው። ከማዕዘን የተነሳ ሕንፃ አግድም መስመሮቹ ወደ ሩቅ እየጠበቡ መሄድ አለባቸው፤ እነሱን ካቃናህ ጥልቀቱ ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉን አትርሳ። መጀመሪያ የሌንስ ፕሮፋይሉን (የሌንሱን ጉብጠት የሚያርመውን) አብራ፣ ከዚያ ነው ማቃናት። 24–70 ሌንስ 24 ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቀጥ ያለውን መስመር ወደ ውጭ ያጎብጠዋል። ጋይድድ የሚያየው ያሰመርካቸውን ሁለት ጫፎች ብቻ ስለሆነ ጉብጠቱን አይነካውም። ተራ ሕንፃ ላይ ይሄ ወዲያው ይታያል፤ የተጠማዘዘ ሕንፃ ላይ ግን የሌንሱ ጉብጠት ከሕንፃው ጥምዝ ጋር ተደባልቆ የማይለይ ቅርጽ ይወጣል። ያኔ የምታሳየው ሕንፃው ያልሆነውን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማቃናቱን ከነጭራሹ የማይፈልግ ፎቶ ማንሳት ነው። ካሜራው ወደ ላይም ወደ ታችም ካላየ ቁም መስመር ሁሉ በራሱ ቁም ይሆናል፣ ካንተ አንጻር ወደ ጎን የዘነበለውም ልክ በተሠራበት ዲግሪ ይቀራል። ካሜራው ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮኒክ ውሃልክ ክፈትና ወደ ጎን መጋደሉንም ወደ ላይ ማንጋጠጡንም ዜሮ ላይ አድርስ። «ታዲያ ጫፉ አይቆረጥም ወይ?» ካልክ ሒሳቡ ይኸውልህ። ካሜራውን ወደ ቁም ስታዞረው ከሰንሰሩ መሃል እስከ ጫፍ 18 ሚ.ሜ. ነው። 18ን ለ24 ሚ.ሜ. ሌንስ ስታካፍለው 0.75 ይሰጥሃል፤ ማለትም ከሕንፃው በራቅህ ቁጥር ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከካሜራው በላይ 0.75 ሜትር ከፍታ ይገባልሃል። ሕንፃው 40 ሜትር፣ ካሜራው 1.6 ሜትር ላይ ከሆነ 38.4 ለ0.75፣ ወደ 51 ሜትር መራቅ አለብህ። በ16 ሚ.ሜ. ሌንስ 34 ሜትር ይበቃል። 24 ሚ.ሜ. ቲልት-ሺፍት (ካሜራው ሳያንጋጥጥ ወደ ላይ የሚገፋ) ሌንስ ተከራይተህ 12 ሚ.ሜ. ወደ ላይ ብትገፋው ደግሞ 30 ለ24፣ 1.25 ይሆንና 31 ሜትር ላይ ቆመህ ትጨርሳለህ። ይሄ ግን ጫፉ የፎቶውን ጠርዝ ሲነካ ነው፤ ለሰማይ የሚሆን ክፍት ቦታ ስለሚያስፈልግ ርቀቱ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምርበት። ከሥር የሚተርፈውን መሬት ቁረጠው። ከ24 ሜጋፒክስል ሲሶው ቢሄድም 16 ይቀራል፣ ለትልቅ ህትመትም ይበቃል።

መራቅ ካልቻልክና ካሜራውን ማንጋጠጥ ግድ ከሆነ በዙሪያው ከ15 እስከ 20 በመቶ ትርፍ ቦታ ይዘህ አንሳ፣ ማቃናቱ ጠርዙን ይበላዋልና። ማንጋጠጡ ከ20 ዲግሪ ካለፈ ግን ባታቃናው ይሻላል። የላይኛው ክፍል ከመጠን በላይ ስለሚለጠጥ ይደበዝዛል፣ ሕንፃውም ላዩ የከበደ ይመስላል። እንደዚያ ከሆነ ይበልጥ ቀርበህ ከሥር ወደ ላይ አንሳው፤ ማንጋጠጡ ሆን ተብሎ የተደረገ ይሁን።

ነጭ_ሚዛን

ቱምቢ መስመሩን ስለጨረሰው እኔ ቀለሙና ብርሃኑ ላይ ልጨምር። ሁለቱም ችግሮች ከፊሉ ሲነሳ፣ ከፊሉ ኤዲት ሲደረግ ነው የሚፈቱት።

ነጩ ግራጫ የሚሆነው የካሜራው ብርሃን ለኪ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለተሠራ ነው። ባኩ ያለውን የዛሃ ሃዲድን ሄይደር አሊየቭ ማዕከል (እ.ኤ.አ. 2012) አስበው፤ ፍሬሙን ነጭ ከሞላው ካሜራው ያጨልመዋል። የኤክስፖዠር ማካካሻውን ከ+0.7 እስከ +1.3 አድርግ፣ ከዚያ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ሦስቱም ቀለም ተለይቶ በሚታይበት መንገድ እየው። ፀሐይ የመታው ፓነል ቀኝ ጠርዙን ሳይነካ መቅረብ አለበት።

የጥምዝ ግድግዳ ነፍሱ ጥላው ነው። ፀሐይ ከጀርባህ ሆና ፊት ለፊት ከመታችው ጥምዙ ይጠፋና የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። ብርሃኑ ከጎን፣ ካንተ ወደ ሕንፃው ከሚሄደው መስመር ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ሲመጣ ነው ከብርሃን ወደ ጥላ ያለው ለስላሳ ሽግግር የሚወጣው። ደመናማ ቀንም ለነጭ ሕንፃ አይመችም፣ ነጭ በነጭ ሰማይ ላይ ጠርዙ ይጠፋል። የሕንፃው ቀለም ጠቆር ያለ ወይም ዝገት መሳይ ከሆነ ግን ደመናው ጥሩ ነው።

ላይትሩም ላይ የሚበዛው ጥፋት «ሻዶውስ»ን +100፣ «ሃይላይትስ»ን −100 ማድረግ ነው። ያኔ ጥምዙን የሚያሳየውን ጥላ ራስህ አጠፋኸው ማለት ነው። ማውሱን ፓነሉ ላይ ስታደርግ ከሂስቶግራሙ ሥር የሚመጣውን በመቶኛ ተከተል። ዝርዝሩ እንዲታይ የምትፈልገው በጣም የበራ ፓነል ከ92 እስከ 95፣ ጥላው ውስጥ ያለው ነጭ ከ60 እስከ 75 ይሁን። ይሄን ልዩነት ከጠበቅህ ሕንፃው ነጭም ሆኖ ክብ ይሆናል።

ሰማያዊው ነገር ብዙውን ጊዜ የካሜራው ጥፋት አይደለም። ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ግድግዳ የሚያበራው ሰማዩ ነው፣ ብረት ደግሞ ፊቱ ያለውን ነገር መልሶ ያሳያል። ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ሚዛኑን) በጠቅላላ ወደ ቢጫ ከሳብከው ፀሐይ የመታው ጎን ይበላሻል። ጥላው ላይ ብቻ ማስክ (ማስተካከያው የሚነካውን ቦታ የሚለይ ምርጫ) ሥራ፤ «ሉሚናንስ ሬንጅ» በሚለው ጥላውን ምረጥና ሰማዩን ከማስኩ ቀንስ፣ ከዚያ ሙቀቱን ትንሽ ጨምርና ሳቹሬሽኑን ከ−15 እስከ −30 አውርድ። ሙሉ በሙሉ አታጥፋው። ቀለም የሌለው ጥላ የሞተ ነው።

ብረት ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ቢልባኦ ያለው የፍራንክ ጌሪ ጉገንሃይም ሙዚየም (እ.ኤ.አ. 1997) የቲታኒየም ቆርቆሮው ውፍረት 0.38 ሚ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው። ያን ያህል ስስ ስለሆነ ፍጹም ጠፍጣፋ አይደለም፤ አንዱ ቅጠል ወርቃማ፣ ጎረቤቱ ግራጫ ሆኖ የሚታየው እያንዳንዱ ትንሽ የተለየ አቅጣጫ ስለሚያይ ነው። ይሄን «ላስተካክል» ብለህ ቀለሙን አንድ ወጥ አታድርገው፤ የሕንፃው ውበት እሱ ነው። የሎስ አንጀለሱ የዋልት ዲዝኒ ኮንሰርት አዳራሽ (እ.ኤ.አ. 2003) ደግሞ መስታወት እስኪመስሉ የተወለወሉ ፓነሎቹ ነጸብራቃቸው ጎረቤቱን ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ2005 ተፍቀው ደብዘዝ ተደርገዋል። እንዲህ የሚያበራ ቦታ ላይ የፀሐይዋ ነጸብራቅ ነጥብ ቢቃጠል ምንም አይደለም። እሷን ለማዳን ብለህ ፎቶውን በሙሉ አታጨልም።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ባዶ ብረት ላይ ብዙም አይሠራም፤ የሚጠቅመው መስታወትና ቀለም የተቀባ ወለል ላይ ነው። መስታወት ላይም ነጸብራቁን ጨርሰህ ካጠፋኸው ሕንፃው ጥቁር ቀዳዳ ይሆናል፣ ግማሽ ድረስ አዙረህ ተወው። ከ28 ሚ.ሜ. በሰፋ ሌንስ ደግሞ አውልቀው፤ ሰማዩ ላይ ጥቁር መቀነት የሚመስል ጥላ ይጥልና ኤዲት ሲደረግ በቀላሉ አይስተካከልም።

ኪስ_ካሜራ

በስልክ ለሚያነሱና ለላይትሩም ለማይከፍሉ ትንሽ ልበል። ስልክ ላይ በሰፊው ሌንስ አትፈተኑ፤ ከ13 ሚ.ሜ. ጋር የሚመጣጠነው ሌንስ ዳር ላይ ያለውን ሁሉ ይለጥጣል፣ የተጠማዘዘ ሕንፃ ላይ ደግሞ የትኛው ጥምዝ የሕንፃው፣ የትኛው የሌንሱ እንደሆነ አይታወቅም። ዋናውን ሌንስ ወይም 2 እጥፉን ይዛችሁ ራቁ። ግሪዱን አብሩት።

ነፃ ከሆኑት ሶፍትዌሮች ዳርክቴብል ውስጥ «ሮቴት ኤንድ ፐርስፔክቲቭ» የሚለው መስመሩን በእጅ ለማስመር ይፈቅዳል። ሃጊን ደግሞ ለፓኖራማ የተሠራ ቢሆንም በአንድ ፎቶ ላይ ቁም መስመሮችን ጠቁማችሁ ማቃናት ትችላላችሁ፣ ልክነቱም ይገርማል።

ጠማማ_መስመር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የርቀቱ ሒሳብ ብቻውን ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ልባስና ጥቅጥቅ ያለ የፀሐይ መከላከያ ዘንግ ላይ ሞገድ የሚመስል ባለ ቀለም ሽንትር ይመጣል። ማታ ደግሞ ኤልኢዲ መብራት የለበሰ ሕንፃ ሰማያዊውና ሐምራዊው ወጥ ቀለም ሆኖ ዝርዝሩ ይጠፋል።

ፒክስል_በፒክስል

ሞገዱ ሞይሬ ነው የሚባለው። የልባሱ ቀዳዳዎች ድግግሞሽ ሰንሰሩ ላይ ሲያርፍ ከፒክስሎቹ ድግግሞሽ ጋር ሲቀራረብ ሁለቱ ተደራርበው ሦስተኛ፣ በቦታው የሌለ ንድፍ ይፈጥራሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የደ ያንግ ሙዚየም (እ.ኤ.አ. 2005) በቀዳዳና በጉብጉብታ የተሞላ የመዳብ ልባስ ስላለው ለዚህ ዋና ፈተና ነው።

መጀመሪያ አጣራ። ፎቶውን 100 በመቶ አድርገህ እየው። 33 ወይም 50 በመቶ ላይ የሚታይ ሞገድ 100 ላይ ከጠፋ ፋይሉ ውስጥ የለም፣ ስክሪኑ ላይ ሲያንስ የተፈጠረ ነው። ብዙ ሰው የሌለ በሽታ ሲያክም ይውላል።

100 በመቶ ላይ ካለ ግን መድኃኒቱ ቦታው ላይ ነው። ጥቂት እርምጃ ቅረብ ወይም ራቅ፣ አለዚያ ዙሙን ትንሽ ቀይር፤ የድግግሞሹ ግጥሚያ ሲፈርስ ሞገዱ ይጠፋል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። መንቀሳቀስ ካልተቻለ የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 16 ዝጋው። ዲፍራክሽን (ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ መበተኑ) ምስሉን በጥቂቱ ስለሚያለዝበው ቀዳዳዎቹና ፒክስሎቹ መጋጨት ያቆማሉ፣ የጠፋውን ጥራት በከፊል በሻርፕኒንግ (ምስል ማጥሪያው) ትመልሰዋለህ። በኤፍ 16 የሰንሰር አቧራ ጎልቶ እንደሚወጣ አትርሳ፣ ሰማዩ ላይ ታየዋለህ።

ፋይሉ ላይ ከቀረ በላይትሩም ብሩሽ ውስጥ «ሞይሬ» የሚለውን ከ40 እስከ 70 አድርገህ ያንን ቦታ ብቻ ቀባው። ከዚያ ካለፈ ወይም ብሩሹ ከድንበሩ ከወጣ የጎረቤቱን ቀለም ያጥባል። ይሄ የሚያጠፋው ባለ ቀለሙን ሞገድ ነው። የብርሃንና የጨለማ ሽንትሩን አይነካውም፣ ለእሱ እንደገና ማንሳት ብቻ ነው የሚበጀው። በመጨረሻ ለድረ ገጽ ስታሳንሰው ሞገዱ እንደ አዲስ ሊመጣ ይችላል። 2048 ፒክስል ላይ ከታየ 1920 ወይም 1800 ሞክር፣ የሻርፕኒንጉንም መጠን ቀንስ።

ሰማያዊ_ሰዓት

የማታውን እኔ ልውሰድ። ኤልኢዲ ሰማያዊ ማለት ካሜራው ላይ ሰማያዊው ቻናል ብቻውን ሲሞላ ቀይና አረንጓዴው ባዶ ናቸው ማለት ነው። አጠቃላይ ሂስቶግራሙ ጨለማ ይመስላል፣ ሰማያዊው ግን ካለፈ ቆይቷል። ሳቹሬሽን ብትቀንስ ደብዛዛ ወጥ ቀለም እንጂ የፓነሉ ዝርዝር አይመለስም። ስለዚህ በኤክስፖዠር ማካካሻው ከ−1 እስከ −1.5 ድረስ አጨልመህ አንሳ፤ አለዚያ ትራይፖድ ላይ −2፣ 0፣ +2 ብለህ ሦስት አንሳና መብራቱን ከጨለማው፣ የቀረውን ከመሃለኛው ውሰድ። ትራይፖድ ላይ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፋ፣ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ተጠቀም፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8።

ጨለማ እስኪሆን አትጠብቅ። ፀሐይ ከጠለቀች ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ የሰማዩና የመብራቱ ብርሃን ይመጣጠናል፣ የሕንፃው ጠርዝ ከሰማዩ ይለያል። ለምድር ወገብ በቀረብህ መጠን ይሄ ጊዜ ያጥራል፤ ቀድመህ ቦታህን ይዘህ፣ ፎከሱን ቆልፈህ በየ2 ደቂቃው አንሳ፣ የሚሆነውን በኋላ ትመርጣለህ። ዋይት ባላንስ ከ3800 እስከ 4500 ኬልቪን ብዙውን ጊዜ ውስጡን ሞቅ፣ ሰማዩን ሰማያዊ አድርጎ ይተወዋል።

ቀለሙ የሚቀያየር ሕንፃ ከሆነ 20 ሰከንድ አትክፈት፣ ቀለሞቹ ተደባልቀው አመድማ ይሆናሉ፤ 1 ወይም 2 ሰከንድ ይበቃል። በእጅ የምታነሳ ከሆነ ደግሞ ጥቁር ሽንትር እንዳይመጣ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት 1/50፣ 60 በሆነበት 1/60 ተጠቀም።

አንድ ነገር ከማሳተምህ በፊት፦ የማታ መብራት በሕግ ራሱን የቻለ ሥራ ሊሆን ይችላል። የአይፍል ማማ መዋቅሩ ነፃ ሆኖ የማታ መብራቱ ግን የቅጂ መብት አለበት፤ ለንግድ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠየቃል። ጀርመንና እንግሊዝ ከሕዝብ መንገድ ላይ የተነሳን ሕንፃ ለንግድም ይፈቅዳሉ፣ ፈረንሳይ ግን አጥብቃለች። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ቀድመህ አጣራ።

ደረጃ_በደረጃ

ቱምቢ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ልከራከር። ረጅም ማማን 100 በመቶ ካቃናኸው ለዓይን ላዩ የሰፋ ይመስላል። ካፕቸር ዋን የሚባለው ሶፍትዌር ራሱ ማቃናቱን 80 ላይ ነው የሚጀምረው፣ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ80 እስከ 90 ይበቃል።

ቱምቢ

ለማማ ልክ ነህ፣ በተለይ ካሜራው በብዛት ካንጋጠጠ። ፊት ለፊት ለተነሳ ዝቅ ያለ ሕንፃና ሆን ተብሎ ለዘነበለ ግን 100 ነው የምይዘው። የካፒታል ጌት 18 ዲግሪ በ80 በመቶ ሲቃና አንዱ ጎን ከልኩ በላይ፣ ሌላው ከልኩ በታች ዘንበል ይላል፤ ተመልካቹም የትኛው የአርክቴክቱ እንደሆነ አያውቅም። ላዩ የሰፋ ከመሰለህ «አስፔክት» በሚለው ስላይደር ቁመቱን በትንሹ አስተካክል።

ጠማማ መስመር፣ ከማቃናቱ በኋላ ባዶ የቀረውን ጠርዝ በፎቶሾፕ ስትሞላ ደግሞ ሰማይና አስፋልት ላይ ብቻ አድርገው። ፓነል ላይ ካደረግኸው ሶፍትዌሩ ማጋጠሚያዎቹን እየገለበጠ ይለጥፋቸዋል፤ አንዱ መስመር መሃል ላይ ይቋረጣል፣ ፓነሉም ስፋቱ ይለያያል። ሕንፃውን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጠርዙ ፓነሉን የሚነካ ከሆነ መሙላቱን ትተህ ጠበቅ አድርገህ ቁረጠው።